ፋን ከመግዛታችሁ በፊት፦ በአዳማ ሙቀት የቤት አምፕሊፋየር ማቀዝቀዝ

(አዳማ ላይ ለድምፅ መሣሪያ ጠጋኞችና ወዳጆች ከቀረበ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ።

አምፕሊፋየር ጋለ ሲባል የመጀመሪያው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ፋን ግጠምለት»። ፋኑ ይገጠማል፣ ለጥቂት ጊዜ ደስ ይላል፣ ከዚያ ያው ቻናል ተመልሶ ድምፁ ይቆረጣል ወይም ትራንዚስተሩ ይቃጠላል። ስለዚህ ዛሬ ከፋኑ አንጀምርም። ፋን መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር ነው። ሙቀቱ ከየት ተነስቶ በየት እንደሚወጣ፣ መንገድ ላይ የት እንደሚታነቅ ማወቅ ይቀድማል።

የምናወራው ቤት ውስጥ በብዛት ስላለው ስለ ክላስ ኤቢ አምፕ ነው፦ በጥንድ ትራንዚስተር የሚሠሩት አሮጌ የጃፓን አምፖች፣ እንዲሁም በቲዲኤ7294 ወይም በኤልኤም3886 አይሲ (አምፑ በአንድ ቺፕ ውስጥ የተሠራበት) የሚገጣጠሙት የእጅ ሥራዎች። ክላስ ዲ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ጥያቄ ሲመጣ እንነካካዋለን።

በቅድሚያ ግን አምፑ ጤነኛ መሆኑን አረጋግጡ። ሳይዘፍን የሚግል አምፕ ታማሚ ነው እንጂ አየር ያነሰው አይደለም። ስፒከሩን ንቀሉ፣ ቮልዩሙን ዜሮ አድርጉ፣ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። አንድ ቲዲኤ7294 በፕላስና ማይነስ 28 ቮልት ዝም ብሎ ሲቀመጥ 30 ሚሊአምፒር ገደማ ነው የሚስበው፤ ይህ 2 ዋት እንኳ አይሞላም። ሂት ሲንኩ፣ ማለትም ሙቀቱን ወደ አየር የሚያወጣው ባለ ክንፍ ብረት፣ ለብ ማለት አለበት፣ በቃ። እጅ የሚያስነሳ ከሆነ ወይ ባያሱ (ሳይዘፍንም የሚያልፈው ትንሽ ከረንት) ከፍ ብሏል፣ ወይ አምፑ ጆሮ በማይሰማው ፍሪኩዌንሲ እየተንቀጠቀጠ ነው። ሁለተኛው የእጅ ሥራዎች ላይ የተለመደ ነው። መውጫው ላይ መኖር ያለባቸው 10 ኦም ሬዚስተርና 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ሲቀሩ ወይም ሲቃጠሉ ይመጣል። እንዲህ ያለውን አምፕ በፋን ማቀዝቀዝ ችግሩን መደበቅ ነው፤ ትዊተሩን (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሹን ስፒከር) ይዞት እስኪሄድ ድረስ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ክላስ ኤቢ አምፕ አንድ ቻናሉ ቢበዛ ስንት ዋት ሙቀት እንደሚያወጣ በቀላሉ ይሰላል። የአንዱን ወገን (የፕላሱን ወይም የማይነሱን) ቮልቴጅ በራሱ አባዙት፣ ለ5 አካፍሉት፣ ውጤቱን ደግሞ ለስፒከሩ ኦም አካፍሉት። 28 ቮልትና 8 ኦም ከሆነ 784 ለ5፣ ከዚያ ለ8፤ 20 ዋት ገደማ። ስፒከሩ 4 ኦም ከሆነ ያው አምፕ 40 ዋት ያወጣል። አንድ መውጫ ላይ ሁለት ባለ 4 ኦም ቦክስ ጎን ለጎን ካሰራችሁ 2 ኦም ሆነ ማለት ነው፤ ሙቀቱ 80 ዋት ይደርሳል። አብዛኛው የቤት አምፕ ለዚህ አልተሠራም፤ የትኛውም ፋን አያድነውም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ከፍተኛው ሙቀት የሚመጣው ቮልዩሙ ጣሪያ ሲነካ አይደለም። ከሙሉ ኃይሉ 40 በመቶ ገደማ ላይ ሲሠራ ነው። ኃይሉን ወደ አንድ ስምንተኛው ዝቅ ብታደርጉት እንኳ ሙቀቱ ከከፍተኛው አራት አምስተኛ አካባቢ ላይ ይቆያል። እሁድ ከቡና ጀምሮ እስከ ማታ በመካከለኛ ድምፅ የሚዘፍን አምፕ «ኧረ ብዙም አልከፈትኩትም» እየተባለ የሚነደው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ሙቀት ከሲሊኮኑ ተነስቶ አየር እስኪደርስ ሦስት ደረጃ ያልፋል። ከሲሊኮኑ ወደ አይሲው ብረት፣ ከብረቱ በመከለያው (ሁለቱ ብረቶች በኤሌክትሪክ እንዳይገናኙ በመካከል በሚገባው ስስ ሚካ ወይም ፓድ) በኩል ወደ ሂት ሲንክ፣ ከሂት ሲንክ ወደ አየር። በየደረጃው «በአንድ ዋት ይህን ያህል ዲግሪ» የሚባል ተቃውሞ አለ። ጉዳዩ ልክ እንደታጠፈ የውሃ ጎማ ነው፤ መታጠፊያው ሳይቃና ቧንቧውን ብትከፍቱት ምን ዋጋ አለው?

በምሳሌ እንየው። ቲዲኤ7294 የመጀመሪያው ደረጃ ላይ በአንድ ዋት እስከ 1.5 ዲግሪ ይጨምራል። በደንብ የተቀመጠ መከለያ ከፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ጋር 0.5 ብንለው ድምሩ 2 ዲግሪ ነው። ሂት ሲንኩ 70 ዲግሪ ደርሷል እንበል። ባለ 8 ኦም ስፒከር 20 ዋት ስለሚያወጣ ሲሊኮኑ በ40 ዲግሪ ይበልጣል፤ 110 ይሆናል፣ ደኅና ነው። በ4 ኦም ግን 40 ዋት ነው፣ 80 ዲግሪ ይጨመራል፣ 150 ይገባል። አይሲው የራሱ መከላከያ ስላለው 145 አካባቢ ድምፁን ይቆርጣል። ሲበርድ ይመለሳል፣ ሲግል ይቆርጣል። መከለያው ፔስት የሌለው ደረቅ ሚካ ከሆነ ወይም በሁለት ብሎን መታሰር ሲገባው በአንድ ብቻ ከታሰረ 0.5 የነበረው 1.5 ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። ያኔ ሂት ሲንኩ ቀዝቃዛ መስሎ አይሲው ውስጡ ያራል። ሂት ሲንኩን ነክቶ «ይሄ እኮ አልጋለም» የሚል ጠጋኝ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፤ እንዲያውም ሂት ሲንኩ ያልጋለው ሙቀቱ ስላልደረሰው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መፍታት ነው። ሶኬቱን ንቀሉ። ካፓሲተሮቹን በ220 ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር አራግፉ፤ ፕላሱንም ማይነሱንም ለየብቻ ከመሐሉ (ከግራውንዱ) ጋር 15 ሰከንድ ያህል ይዛችሁ፣ ከዚያ በቴስተር ከ1 ቮልት በታች መውረዱን እዩ። በካቻቢቴ አጋጭቶ ብልጭ ማድረግ የካፓሲተሩን እግር ያበላሻል፤ ዓይንም ላይ ይፈናጠራል።

አሮጌው ፔስት ደርቆ ኖራ መስሎ ታገኙታላችሁ። በአልኮልና በጨርቅ ሙልጭ አድርጋችሁ ጥረጉት፤ በካቻቢቴ አትፋቁት፣ ጭረቱ የአየር ኪስ ይሆናል። የሂት ሲንኩ ፊት ካልተስተካከለ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ 400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ዘርግታችሁ በውሃ እሹት። ቀጥታ መስመር ያለውን ነገር፣ ለምሳሌ የማስመሪያ ጠርዝ፣ አስጠግታችሁ ወደ ብርሃን ስታዩ ብርሃን ካላሾለከ በቂ ነው። የብሎን ቀዳዳዎቹን ጠርዝ በትልቅ ፑንታ በእጅ ዞር ዞር አድርጋችሁ አለስልሱት፤ ከቀዳዳው ዙሪያ የተነሳች ጸጉር የምታክል ብረት ሚካውን ትበሳዋለች።

ፔስቱን በስሱ ቀቡ። ሥራው ሁለቱ ብረቶች የማይነካኩባቸውን ጥቃቅን ክፍተቶች መሙላት ብቻ ነው። ከብረቱ ጋር ሲነጻጸር ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ደካማ ስለሆነ በወፍራሙ መለደፍ መከለያ መጨመር ነው። በሚካ ሁለቱም ፊት ላይ ከስሩ የሚያሳይ ያህል ይበቃል። ለስላሳ የሲሊኮን ፓድ ከሆነ ግን ፔስት አይፈልግም። ብሎኑን ከሮንዴላ ጋር አስገብታችሁ አጥብቁ፤ ሁለት ብሎን ካለው ተራ በተራ፣ ግማሽ ግማሽ እያላችሁ። አንዱን ጨርሶ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ የአይሲውን አንድ ጎን ያነሳዋል።

መከለያው ለምን እንደሚያስፈልግ ልድገመው፣ ምክንያቱም ብዙ አምፕ የሚሞተው እዚህ ነው። የቲዲኤ7294 የጀርባ ብረት ከማይነስ ቮልቴጁ ጋር የተገናኘ ነው። የትራንዚስተሮች ጀርባ ደግሞ ኮሌክተሩ ነው። ያለ መከለያ ከታሰሩና ሂት ሲንኩ ሳጥኑን ከነካ ፊውዙ ይበጠሳል፤ ከዚያ የከፋም ይመጣል። ካሰራችሁ በኋላ ቴስተሩን ድምፅ የሚሰጠው ላይ አድርጋችሁ ከአይሲው ብረት ወደ ሂት ሲንኩ ለኩ። ጲጥ ካለ መብራት አትስጡት። በነገራችን ላይ አንዳንድ የእጅ ሥራ ላይ ሂት ሲንኩ ራሱ ቮልቴጅ እንዲይዝ ተደርጎ ይሠራል፤ መጋሉን በጣት ከመሞከራችሁ በፊት በቴስተር ሞክሩት።

ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ችግሩን ይጨርሰዋል። ካልጨረሰው ወደ አየሩ እንሄዳለን።

አዳማ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። አየሩ በዚህ ከፍታና በ30 ዲግሪ ሙቀት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ቀዝቃዛ አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ሂት ሲንክ የሚሸጡ ፋብሪካዎች የሚጽፉት ቁጥር ብዙውን ጊዜ ለዝቅተኛ ቦታ አየር ነው። እዚህ ያለ ፋን የሚሠራ ሂት ሲንክ አቅሙ 10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ፋን ደግሞ ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም የሚያሳልፈው የአየር ክብደት በአንድ አምስተኛ ያንሳል። ከመጋቢት እስከ ሰኔ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ሥር ያለ ሳሎን ስንት ዲግሪ እንደሚሆን ደግሞ ለእናንተ አልነግራችሁም። ክፍሉ 33፣ የሳጥኑ ውስጥ አየር 45 ከሆነ ሂት ሲንኩ 70 እስኪደርስ የቀረው 25 ዲግሪ ብቻ ነው። በ40 ዋት ስትካፈል በአንድ ዋት 0.6 ዲግሪ የሚሆን ሂት ሲንክ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ይህ ትልቅ ብረት ነው። የሳጥኑን አየር ከ45 ወደ 38 ብታወርዱት ግን ሂት ሲንኩን ሳትቀይሩ 7 ዲግሪ አተረፋችሁ። ወጪ የማይጠይቀው ትርፍ እዚህ አለ።

ይህን ትርፍ የሚያጠፋው ቡፌው ነው። አምፑ ቡፌ ውስጥ፣ ላዩ ላይ የዲሽ ሪሲቨር፣ ከዚያ ላይ ዳንቴል። ዳንቴሉ ያምራል፣ እውነት ነው፤ ግን የሞቀ አየር የሚወጣው በላይኛው ክዳን ቀዳዳ ነው፣ ሪሲቨሩም ራሱ ሙቀት አመንጪ ነው። ከላይ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ክፍት ይሁን። የቡፌው ጀርባ ኮምፔንሳቶ ከሆነ ከአምፑ በስተኋላ ከላይና ከታች 10 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት መስኮቶች ቁረጡ። አንድ ብቻ አትቁረጡ፤ አየር መግቢያ ከሌለው መውጫው አይሠራም። የአምፑንም እግር ከፍ አድርጉት። አብዛኛው አጭር ነው፤ 25 ሚሊ ሜትር የጎማ እግር ሥሩ ካሉት ቀዳዳዎች አየር እንዲስብ ያስችለዋል።

ቀዳዳ መጨመር ካስፈለገ የት እንደምትበሱ አስቡ። ታች ከሂት ሲንኩ በቀጥታ ሥር፣ ላይ ደግሞ በቀጥታ በላዩ። በ8 ሚሊ ሜትር ፑንታ 30 ቀዳዳ 15 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሰጣል፤ ላይም ታችም ይህን ያህል ለአንድ መካከለኛ አምፕ መልካም ጅምር ነው። ከ8 ሚሊ ሜትር በላይ አትሂዱ፤ የልጅ ጣት ይገባል፣ ውስጡ 220 ቮልት አለ። ከትራንስፎርመሩ በላይ ቀዳዳ አትክፈቱ፣ ውሃ ወይም ቡና ቢፈስ ቀጥታ እሱ ላይ ይወርዳል። ትራፓኖ ከመነሳቱ በፊት ቦርዱ ከሳጥኑ ይውጣ። «በጨርቅ ሸፍኜዋለሁ» የሚባለው አይሠራም፤ የብረት ብናኝ ከጨርቁ ሥር ገብቶ በሁለት እግር መካከል ይጋደማል። የአሉሚኒየም ብናኝን ደግሞ ማግኔት አያነሳውም፤ በብሩሽና በአየር ነው። ጠርዙን በሞረድ ጨርሱ።

የሂት ሲንኩ ክንፎች ወዴት ቆመዋል? ፋን ለሌለው አምፕ ክንፎቹ ቀጥ ብለው ወደ ላይ መቆም አለባቸው፤ አየሩ በመካከላቸው ሽቅብ እንዲወጣ። ተጋድመው የተገጠሙ ከሆነ የሞቀው አየር በየክንፉ መካከል ይታሰራል። ከቆራሌው የሚገዛው የኮምፒውተር ሲፒዩ ሂት ሲንክ ላይ ይህ ችግር ሌላ መልክ አለው፤ ክንፎቹ ቀጭንና የተጠጋጉ ናቸው፣ ለፋን ብለው የተሠሩ ናቸው። ያለ ፋን አየር በመካከላቸው አይዘዋወርም። ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ይገጥመዋል፤ ሲገዙት ግን አብሮ ፋን እንደገዙ ይቁጠሩት።

አሁን ፋኑ።

የሚያስፈልገውን አየር ለማስላት፦ ዋቱን በ3.75 አባዙ፣ ሳጥኑ ውስጥ ከክፍሉ በላይ እንዲሞቅ በምትፈቅዱት ዲግሪ አካፍሉ። መልሱ በሰዓት ሜትር ኩብ ነው። 3.75 የተባለው ለአዳማ አየር ነው፤ ለባሕር ወለል 3 ይበቃል። ሁለቱም ቻናል 40፣ ትራንስፎርመሩና ሌላው 20፣ ድምር 60 ዋት፣ የሚፈቀደው 8 ዲግሪ ከሆነ በሰዓት 28 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ባለ 80 ሚሊ ሜትር ፋን ያለ ምንም እንቅፋት በሰዓት 50 ሜትር ኩብ አካባቢ ያሳልፋል፤ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ወንፊት ከተደረገለት ግማሹን ያጣል። ስለዚህ በሙሉ 12 ቮልት እየጮኸ ጥግ ላይ ነው የሚደርሰው። ባለ 120 ሚሊ ሜትር ፋን በ7 ቮልት ግን በግማሽ ፍጥነት ያንን ሥራ ይሠራል፤ ከአንድ ሜትር በላይ ርቆ ለተቀመጠ ሰው በዘፈኑ መሐል አይሰማም። በእኔ ሚዛን ቦታ እስካለ ድረስ ሁልጊዜ ትልቁን ፋን በዝግታ ማሠራት ይሻላል። ከአሮጌ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ የሚወጣው ባለ 120 ፋን ለዚህ የተመቸ ነው፤ ስትመርጡት በጣት አሽከርክሩት፣ ቶሎ ከቆመ ወይም ከተንገጫገጨ ተዉት።

ፋኑ ወደ ውስጥ ይንፋ ወይስ ወደ ውጭ ይሳብ? አዳማ ላይ መልሱ አያከራክርም፤ ወደ ውስጥ። ከከተማዋ ዙሪያ ኮረብቶች ላይ የንፋስ ተርባይን የተተከለው በከንቱ አይደለም፣ ንፋሱ ደግሞ አቧራውን ይዞ ነው የሚመጣው። ፋኑ ወደ ውጭ የሚስብ ከሆነ አየር በየስንጥቁ፣ በቮልዩም ማዞሪያው ቀዳዳ ሳይቀር ይገባል፤ የቮልዩም መንኳኳትና መጮህ ከዚያ ነው የሚመጣው። ወደ ውስጥ ሲነፋ መግቢያው አንድ ብቻ ስለሆነ እዚያ ላይ ወንፊት ታደርጋላችሁ። የመስኮት የትንኝ መረብ ወይም የናይለን ስቶኪንግ በቂ ነው። ስፖንጅ አየሩን ያንቃል። ቡና በሚፈላበት፣ ዕጣን በሚጨስበት ቤት ወንፊቱ ላይ የሚቀመጠው ደረቅ አቧራ ብቻ አይደለም፣ የሚያጣብቅ ነገር አለው። በወር አንድ ጊዜ በሳሙና ታጥቦ ደርቆ ይመለስ፤ በደረቁ ማራገፍ አያጸዳውም።

ፋኑን ከክንፎቹ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ፣ ቀጥታ ወደ ክንፎቹ እንዲነፋ አድርጉ። ሳጥኑ ላይ በብሎን ብቻ ካሰራችሁት ቆርቆሮው ከፋኑ ጋር ይንቀጠቀጣል፤ ከአሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ በመካከል አስገቡ። ቢላዎቹ ላይ የብረት ወንፊት ይሁን፤ የላላ ገመድ ገብቶ ፋኑን ሊያቆመው ይችላል።

መብራቱን ከየት ያገኛል? በጣም ንጹሑ መንገድ ለብቻው 12 ቮልት 1 አምፒር አዳፕተር ነው፣ ለምሳሌ የአሮጌ ራውተር። ከአምፑ ጋር ምንም የኤሌክትሪክ ግንኙነት ስለሌለው ሀም (በስፒከሩ የሚሰማ የመብራት እምምታ) አያመጣም። ባለ 12 ቮልት፣ 0.2 አምፒር ፋንን ወደ 7 ቮልት ለማውረድ 47 ኦም፣ 2 ዋት ሬዚስተር በተከታታይ ይበቃል። ከዚያ አብርታችሁ አጥፍታችሁ ደጋግማችሁ ሞክሩ፤ ከቆመበት ሳይገፋ መነሳት አለበት። የማይነሳ ፋን እየተንቀጠቀጠ ይቀመጣል፣ እናንተ ደግሞ ይሠራል ብላችሁ ታምናላችሁ።

ከአምፑ ፓወር መውሰድ የምትፈልጉ፣ ሁለት ነገር ጠብቁ። 7812 ሬጉሌተር (ቮልቴጁን ወደ 12 የሚያወርደው) ከ35 ቮልት በላይ መግቢያ አይችልም፤ በ28 ቮልት እንኳ 0.2 አምፒር ሲያሳልፍ ራሱ ከ3 ዋት በላይ ሙቀት ያወጣል፤ ሂት ሲንክ ይፈልጋል። ለማቀዝቀዝ የገባው ነገር ሳጥኑን ማሞቅ ጀመረ ማለት ነው። ያንኑ ሥራ የሚሠራው ኤልኤም2596 ሞጁል በዚህ ይሻላል፣ ብዙም አይግልም፤ መግቢያው ከ35 ቮልት እንዲበልጥ ግን አታድርጉ፣ ሞጁሉ ላይ የሚሸጡት ካፓሲተሮች ብዙ ጊዜ ከዚያ አያልፉም። ሁለተኛው ግራውንዱ ነው። የፋኑ ማይነስ ቀጥታ ወደ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች መገናኛ ይሂድ። በቅርብ ያገኛችሁት የኢንፑት ግራውንድ ላይ ካሰራችሁት ፋኑ በተሽከረከረ ቁጥር የሚስበው የሚቆራረጥ ከረንት የድምፁ መስመር ላይ ይወድቃል፤ በስፒከሩ ዚዚዚ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። 470 ማይክሮፋራድ፣ 25 ቮልት ካፓሲተር ፋኑ ላይ ጎን ለጎን መበየድም ይረዳል።

ፋኑ ሁልጊዜ መሽከርከር የለበትም። ደብሊው1209 የሚባለው ትንሹ ቴርሞስታት ሞጁል በ12 ቮልት ይሠራል፣ ሙቀት ጠቋሚው ከነገመዱ አብሮት ይመጣል። መጀመሪያ ከማስተካከያዎቹ P0 ላይ ገብታችሁ C መሆኑን እዩ፤ H ከሆነ ፋኑ ሲበርድ ይሠራል፣ ሲግል ይቆማል። የሚነሳበትን 48 ዲግሪ አድርጉ፣ P1ን (በመነሻውና በመቆሚያው መካከል ያለውን የዲግሪ ልዩነት) ደግሞ ከ2 ወደ 6 ከፍ አድርጉት፤ አለዚያ ሪሌው በየደቂቃው ቀጭ ቀጭ ይላል። ጠቋሚውን ከአይሲው አጠገብ ሂት ሲንኩ ላይ በፔስትና በትንሽ የብረት መያዣ እሰሩት። የኤሌክትሪክ ፕላስተር በሙቀት ሙጫው ይለቅቃል፤ ጠቋሚው አየር ላይ ተንጠልጥሎ 38 እያለ ሂት ሲንኩ 80 ይገባል።

አሁን የምናገረው የትራንዚስተር አምፕ ላላችሁ ነው፤ ከዛሬው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህ ይሁን። ትራንዚስተር በጋለ ቁጥር ለመክፈት የሚፈልገው ቮልቴጅ በአንድ ዲግሪ 2 ሚሊቮልት ገደማ ይቀንሳል። ባያሱ ካልተስተካከለ ከረንቱ ይጨምራል፣ ከረንቱ ያሞቀዋል፣ ሙቀቱ ከረንቱን ይጨምራል፤ መጨረሻው ታውቃላችሁ። ለዚህ ነው አንድ ትንሽ ትራንዚስተር ከትልልቆቹ ጋር ሂት ሲንኩ ላይ የሚታሰረው፦ ሙቀታቸውን እያየ ባያሱን ዝቅ ያደርጋል። ሂት ሲንክ ስትቀይሩ ይህን ትንሽ ትራንዚስተር ረስታችሁ አየር ላይ ከተዋችሁት፣ ወይም ፋኑ ትልልቆቹን ትቶ እሱን ብቻ ከነፋው፣ እሱ «ሁሉ ቀዝቃዛ ነው» ብሎ ባያሱን ከፍ ያደርጋል። ፋን ተገጥሞለት በማግስቱ የተቃጠለ አምፕ ሲመጣላችሁ መጀመሪያ የምታዩት ይህን ነው።

ስለዚህ ሥራው ሲያልቅ ባያሱ እንደገና ይለካል። ስፒከር የለም፣ ቮልዩም ዜሮ፣ ክዳኑ ተዘግቶ ግማሽ ሰዓት። ከዚያ ከኤሚተር ሬዚስተሮቹ (ከትልልቆቹ ትራንዚስተሮች ኤሚተር እግር ጋር ከተገናኙት) በአንዱ ግራና ቀኝ ሚሊቮልቱን ለኩ። ባለ 0.22 ኦም ሬዚስተር ላይ 11 ሚሊቮልት ማለት 50 ሚሊአምፒር ነው። ትክክለኛው ቁጥር የአምፑ ሰርቪስ ማንዋል ላይ ያለው ነው። ፋኑን አስነስታችሁ አስር ደቂቃ ቆይታችሁ ደግማችሁ ለኩ። ትንሽ ቢቀንስ ችግር የለም። ከጨመረ፣ እየጨመረም ከሄደ፣ የአየሩን አቅጣጫ ቀይሩ፤ ቫሪያብሉን (ባያሱን የሚያስተካክለውን ሬዚስተር) ዝቅ አድርጎ ማለፍ መፍትሔ አይደለም።

የመለኪያ ነገር፦ ባለ ቴርሞካፕል ቴስተር፣ ለምሳሌ ዲቲ838 የሚባለው ዓይነት፣ ይበቃል። በጨረር የሚለካው ቴርሞሜትር የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ላይ ከእውነቱ ዝቅ አድርጎ ያነባል፤ ጥቁር ፕላስተር ለጥፋችሁ ፕላስተሩን ለኩ። በኮሮና ጊዜ የተገዛው የግንባር ቴርሞሜትር አብዛኛው ለሰውነት ሙቀት ብቻ ስለተሠራ አይሆንም። ከሥራው በፊትና በኋላ በዚያው ቮልዩም፣ በዚያው ዘፈን፣ አንድ ሰዓት አጫውታችሁ ሂት ሲንኩን፣ ትራንስፎርመሩንና የክፍሉን አየር መዝግቡ። የክፍሉን ሙቀት ካልመዘገባችሁ ማለዳ የለካችሁትን ከቀትር ጋር እያወዳደራችሁ ፋኑን ታመሰግናላችሁ።

ከተነሱት ጥያቄዎች

*ፋኑ ቢቆምስ?*

ይቆማል፤ ፋን አላቂ ነው። ለዚህ ኬኤስዲ301 የሚባለውን ሲግል የሚቆርጥ ዓይነት፣ 85 ዲግሪ የተጻፈበትን፣ ሂት ሲንኩ ላይ እሰሩ። ሲገዙ ተጠንቀቁ፤ ሲግል የሚያገናኝም አለ፣ መልካቸው አንድ ነው። በቴስተር ቀዝቃዛ ሆኖ ጲጥ ካለ ትክክለኛው ነው። ወደ ትራንስፎርመሩ በሚገባው የ220 ቮልት መስመር ላይ፣ ከፊውዙ በኋላ ይግባ፤ እግሮቹ በደንብ ይሸፈኑ። ስፒከር መስመር ላይ አታስገቡት፤ ያኔ ድምፁ ይቆረጣል እንጂ ባያሱ የሸሸበት አምፕ መንደዱን አይተውም።

*ካፓሲተሮቹን ባለ 105 ዲግሪ ብናደርግ ይጠቅማል?*

ይጠቅማል፣ ግን ቦታቸው ይበልጣል። የኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ዕድሜ 10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር በግምት እጥፍ ይሆናል። ባለ 85 ዲግሪውን ከሂት ሲንኩ ማራቅ ባለ 105ቱን እዚያው ተጣብቆ ከመተው አያንስም።

*ስታብላይዘር ሙቀቱን ይቀንሳል?*

ቮልቴጁ ማታ ከፍ በሚልበት ሰፈር አዎ፤ የሙቀቱ ስሌት ላይ ቮልቴጁ በራሱ ስለሚባዛ 10 በመቶ ከፍ ማለት 21 በመቶ ሙቀት ይጨምራል። መብራቱ ዝቅ በሚልበት ሰፈር ግን አምፑ አይግልም፤ ድምፁ ቶሎ ይሰነጠቃል እንጂ። የሚጎዳው ትዊተሩ ነው።

*ይህን ሁሉ ትቶ ክላስ ዲ መግዛትስ?*

ቲፒኤ3116 ያለባቸው ትንንሽ ቦርዶች ከሚወስዱት 90 በመቶ ገደማውን ወደ ስፒከር ስለሚያደርሱ ለሳሎን ድምፅ ፋን አይፈልጉም። ግን ሁለት ነገር እዩ። መግቢያቸው ከ26 ቮልት አይለፍ፤ ባለ 24 ቮልት አዳፕተር ነው የሚስማማቸው። ሌላው አይሲው ላይ ያለችው ትንሽ ሂት ሲንክ ናት። ብዙ ቦርድ ላይ በሙጫ ወይም በላላ ብሎን ተቀምጣ ትመጣለች፤ ከሥሯም ፔስት አይገኝም። ከሳጥኑ ባወጣችሁት ቀን ፈትታችሁ በስሱ ቀብታችሁ መልሷት።